የላላ ረከቦት ይዞ ወደ ሙዚየም

ጥያቄ፦ አናጺ ነኝ። የሠራሁት ተጣጣፊ ረከቦት ጥቂት እንዳገለገለ እግሩ ይላላል። ስድስት ኪሎ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም በሚደረግ ዝግጅት የኢንዱስትሪያል ዲዛይን መምህራን ይመጣሉ ተባልኩ። ምን ይዤ ልሂድ? (ከኮተቤ)

መልስ፦ የላላውን ይያዙ። አዲስ የተወለወለው አድናቆት ያስገኝልዎታል እንጂ ምክር አያመጣም። ትልቅ ዕቃ በር ላይ ሊያስቀሩብዎ ስለሚችሉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልሆነ አንዱን እግር ከነመታጠፊያው ነቅለው ይውሰዱ። በኤ3 ወረቀት ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚታየውን በ1፡5 (ከእውነተኛው አምስት ጊዜ አሳንሰው) ይሳሉ፤ መጋጠሚያውን ግን በትክክለኛ መጠኑ። ልኩ በሚሊሜትር ይሁን፤ የእንጨቱም ውፍረት ይጻፍ። የስልክ ፎቶ ብቻውን ስለ መጋጠሚያ ምንም አይናገርም።

«እንዴት አያችሁት?» ካሉ «ጎበዝ» ተብለው ይመለሳሉ። «ቀዳዳው ለምን ይሰፋል?» ይበሉ። የእኛ ግምት ይኸው፦ በኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው በሚሠሩት ጣውላ) ጠርዝ የገባ ቪቴ እግሩ በታጠፈ ቁጥር አብሮ እየዞረ ንብርብሩን ይፈለፍላል። በእሱ ፈንታ ከዳር ዳር የሚያልፍ 6 ሚሊሜትር ቡሎን፣ በሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ (ቀለበት)፣ ጫፉ ላይ ናይለን ያለው ዳዶ ይሞክሩ። ዳዶውን እግሩ መታጠፍ እስከሚችል ድረስ ብቻ ያጥብቁት፤ ከዚያ አያሳልፉት።

ሙዚየሙም የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፤ ስለዚህ በግርግሩ መካከል ከመሟገት መምህራኑን በትምህርት ቤቱ የሚያገኙበት ቀጠሮ ይለምኑ።