ያገለገለ ራም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ያገለገለ 8 ጊጋባይት ራም (የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ገዝቼ ገጠምኩ፤ ዊንዶውስም ገባ። ከዚህ በላይ መፈተሽ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚይዘው የራሙን የተወሰነ ክፍል ብቻ ነው። ብልሽቱ ባልተነካው ቦታ ላይ ከሆነ ከባድ ፕሮግራም እስኪከፍቱ ላይታይ ይችላል። ሜምቴስት86 ፕላስ የተባለውን ነፃ የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጫኑና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ። ፍላሹ አልነሳ ካለ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ሴኪዩር ቡትን፣ ማለትም ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ቅንብር፣ ያጥፉ። ሌሎቹን ራሞች ነቅለው የገዙትን ብቻ ይተዉ፤ ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚያሠራው የባዮስ ቅንብር) በርቶ ከሆነም ለመጀመሪያው ፍተሻ ያጥፉት። አንድ ዙር በደህና ማለቁ ብዙም አያስተማምንም፤ አንዳንድ ራም የሚስተው ሲሞቅ ነውና ቢያንስ 4 ዙር ይሥራ፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ። ከዚያ ኤክስኤምፒን አብርተው ይድገሙት። ስህተት የመጣው ያኔ ብቻ ከሆነ ራሙ በመደበኛ ፍጥነቱ ሊያገለግል ይችላል፤ ግን የፈጣን ራም ዋጋ አይገባውም።

ጥያቄ፦ ፍተሻው አንድ ስህተት ብቻ አሳየ። ልለፈው?

መልስ፦ አይለፉት፤ ተቀባይነት ያለው ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው። አንድ ቢት (ትንሿ የመረጃ አሃድ) ተገለበጠ ማለት ሳያውቁት የተበላሸ ፋይል ሴቭ ሊያደርጉ ይችላሉ ማለት ነው። ራሙን ለሻጩ ከመመለስዎ በፊት ግን ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኃይል ገመዱን ይንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም። የራሙን ወርቅማ ጥርሶች አይሶፕሮፒል አልኮል በነካካ ንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ። ብዙዎች በላጲስ ይፈትጉታል፤ ፍርፋሪው ስሎት (የራሙ መሰኪያ) ውስጥ ስለሚቀር እኔ አልመክርም። አልኮሉ ሲደርቅ ራሙን ሌላ ስሎት ላይ፣ መያዣው ቀጭ እስኪል ተጭነው ይግጠሙና እንደገና ይፈትሹ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። በመጀመሪያው ስሎት ላይ የትኛውም ራም የሚስት ከሆነ ግን ማዘርቦርዱን ይጠርጥሩ። ሁልጊዜ እዚያው አድራሻ ላይ የሚደጋገም ስህተት ብዙ ጊዜ የሞተ ሴል (መረጃ የሚይዝ የራሙ ቅንጣት) ምልክት ነው፤ ያ በጽዳት አይድንም።

ጥያቄ፦ ራሙ 8 ጊጋባይት ነው ተብሎ ዊንዶውስ የሚጠቀመው ከ4 በታች ነው። ተጭበረበርኩ?

መልስ፦ ባዮስ ውስጥ ይመልከቱ። እዚያ 8 ካለ ራሙ ሙሉ ነው፤ ምናልባት ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሆናል፤ ይህ ዓይነቱ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም።

ጥያቄ፦ ዲዲአር4 (አራተኛው ትውልድ) ራም ዴስክቶፔ ላይ በትክክል ገባ፣ ግን ስክሪኑ ጨለማ ነው።

መልስ፦ የሰርቨር ራም እንዳይሆን። ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት ስሎቱ ላይ ልክ ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ግን አይነሳበትም። ተለጣፊ ጽሑፉ ላይ ከፍጥነቱ ቀጥሎ ከሰረዝ በኋላ «አር» (R) ፊደል ካለ ሬጂስተርድ ነው፤ ለዴስክቶፕ የሚሆነው «ዩ» (U) ያለበት ነው።