ቮልሷን ከመቁረጥህ በፊት መቀስ አንሳ

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ባሕር ዳር ከሽምብጥ ነው። ልጁ ከአባቱ የወረሳት ቮልስ አለችው። ሞተሯን አሠርቷል፣ የድሮ ቀለሟን አስፍቋል፣ አሁን ደግሞ ጣራዋን ቆርጦ፣ ማለትም ጣራውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች አሳጥሮ፣ ዝቅ ሊያደርጋት ይፈልጋል። «ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ያየኋት አንዷ 12 ሳንቲ ተቆርጣለች፣ እንዴት እንደምታምር! የእኔንስ 12 ብንቆርጣት ምን ይመስልዎታል? ቁመቴ 1 ሜትር ከ82 ነው። ስቀመጥ ከራሴ እስከ ጣራው 11 ሳንቲ ይቀራል። ሥራዋ ሲያልቅ ለሠርግ ላከራያት አስቤያለሁ» ይላል።

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈህልኛል። 11 ሳንቲ ኖሮህ 12 ከቆረጥክ፣ ጣራው አንድ ሳንቲ ጭንቅላትህ ውስጥ ይገባል።

ያየሃት መኪና ውሸት ናት ማለቴ አይደለም። ጣራ መቁረጥን ያመጡት የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በደረቀ የሐይቅ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ መኪናው ነፋስ የሚመታው ፊቱ ጠበብ ይበል ብለው ጣራውን ዝቅ አደረጉት። በኋላ ለውበት ሆነ። የ1949 ሜርኩሪ ጣራዋ ተቆርጦ ያየ ሰው ለምን እንደሚያብዱላት ይገባዋል። ግን ሜርኩሪ ረጅምና ሰፊ መኪና ናት። ቮልስ እንቁላል ናት። ከእንቁላል መሃል ቀለበት ቆርጠህ ብታወጣ ላይና ታቹ አይገጥምም። ጣጣው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ይህንን አንድ ግራም ላሜራ ሳታባክን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁማት። ከጎን ራቅ በል፣ ቁጢጥ ብለህ በበሩ እጀታ ከፍታ ፎቶ አንሳት። ቀርበህ ካነሳህ ምስሉ ይጣመማል። ቮልስ ርዝመቷ 4 ሜትር ከምናምን ስለሆነ ወደ አንድ አሥረኛ ከተቀነሰች ኤ3 ወረቀት ላይ ልክ ትገባለች። ፎቶ ቤቱ ልኩን እንዲያወጣልህ ጎማህን በሜትር ለክተህ ሂድ፤ ጎማው 64 ሳንቲ ከሆነ ወረቀቱ ላይ 6.4 መውጣት አለበት። ያኔ ወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ማለት መኪናው ላይ አንድ ሳንቲ ነው። አራት ኮፒ አስወጣ።

አሁን መቀሱን አንሳ። ምሰሶዎቹን አቋርጠህ ጣራውን ለየው፣ ከዚያ 5 ሚሊ ዝቅ አድርገህ አስቀምጠው። ሌላኛው ኮፒ ላይ 8፣ ሌላኛው ላይ 12። ግድግዳ ላይ ለጥፋቸውና አንድ ሳምንት እያየሃቸው ውጣ ግባ። የመጀመሪያው ቀን 12ቱን ትወዳለህ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሹፌሩ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ይመስልሃል። እኔ እስካሁን ሳምንቱን ጨርሶ 12 ላይ የጸና ሰው አላጋጠመኝም።

ወረቀቱ ሌላም ነገር ያሳይሃል። ጣራውን ዝቅ ስታደርገው የፊቱ ምሰሶ ጫፍ ከታችኛው ጋር አይገናኝም፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ታገኘዋለህ። ምሰሶው ጋደም ያለ ስለሆነ ነው። ስንት እንደሚሸሽ ማወቅ ከፈለግህ ከግንበኛ ጎረቤትህ ቱምቢ ተዋስ። ከምሰሶው አናት ላይ አንጠልጥለው፣ ታች ሲደርስ ገመዱ ከምሰሶው ስር ስንት እንደራቀ ለካ። ለምሳሌ 40 ሳንቲ ወርዶ 20 ሳንቲ ከራቀ፣ በየሁለት ሳንቲው አንድ ሳንቲ ይሸሻል ማለት ነው። 6 ከቆረጥክ 3፣ 12 ከቆረጥክ 6 ሳንቲ ክፍተት ይጠብቅሃል። ከኋላም እንዲሁ ነው። በወርድም እንዲሁ ነው፤ ቮልስ ወደ ላይ ስትሄድ ትጠባለች። ስለዚህ ብዙ በቆረጥክ ቁጥር ጣራውን ራሱን አራት ቦታ ከፍለህ መሃሉ ላይ ላሜራ እየጨመርክ መቀጠል ይመጣል። ትንሽ ከቆረጥክ ግን የፊቱን ምሰሶ ትንሽ ጋደም አድርገህ፣ ሌላውን በመዶሻ አባብለህ ትወጣዋለህ። በ5ና በ10 መካከል ያለው የሥራ ልዩነት እጥፍ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፤ ሌላ ሥራ ነው። የጨመርከው ሁሉ ደግሞ ስቱኮ ይጠይቃል። ወፍራም ስቱኮ እዚህ አገር ፀሐይ ላይ ሲሰነጠቅ አይተሃል።

የመጀመሪያዋን ቮልስ የቆረጥኩት ገና ልጅ እያለሁ ነው። ባለቤቱ 10 አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ያላዋቂ ሳሚ እንደሚሉት ሆንኩ። ውስጧን በቱቦላሬ ሳልወጥር ምሰሶዎቹን በግራይንደር በጠስኳቸው። ጣራው ሲነሳ ቦዲው ትንፋሽ እንደወጣለት ሰው ዘና አለ፤ ከዚያ በኋላ በሮቹ በወጉ ዘግተው አያውቁም። አንተ ግን መጀመሪያ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ፣ በበሮቹም ክፍተት በኩል ቱቦላሬ በያይድበት፣ መስቀል አድርገህ። መኪናዋ በአራት ጎማዋ በውሃ ልክ ትቁም እንጂ ክሪክ ላይ አትሰቀል። ምሰሶውን የምትቆርጠው ይበልጥ ቀጥ ባለበት ቦታ ይሁን፣ ላይና ታቹ በውፍረት እንዲቀራረቡ። ስትገጥመው ነጥብ በነጥብ በይድ፣ በሮቹን ክፈት ዝጋ፣ ከዚያ ሙላው። ምሰሶው ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን አንቲረስት አጠጣው። የሐይቁ እርጥበት ምሰሶ ውስጥ ሲገባ ከውስጥ ነው የሚበላው፣ ቀለሙ ሲያብጥ ብቻ ነው የምታውቀው።

ያን ጊዜ ያስለቀሰኝ ግን መስታወቱ ነው። የጎኑን መስታወት ላሳጥር ብዬ ጠርዙን ነካሁት። ድው! መስታወቱ በሙሉ እንደ ቆሎ እጄ ላይ ረገፈ። የጎንና የኋላ መስታወት በእሳት የጠነከረ ነው፣ ጭራሽ አይቆረጥም፣ ማንም ባለሙያ አይቆርጥልህም። የጎኑን በአዲስ ታሠራዋለህ። የፊቱ የሚቆረጠው ሁለት ስስ መስታወት መሃሉ ፕላስቲክ ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ ነው። ጎሚኒውን ገለጥ አድርገህ ጠርዙን እይ፤ እንደ ሳንድዊች ድርብ መስመር ካየህ እሱ ነው። የሁሉም ቮልስ የፊት መስታወት እንዲህ አይደለም፣ ስለዚህ አትገምት። መኪናህ 1303 የሚባለው የቮልስ ሞዴል ከሆነች ደግሞ የፊቱ መስታወት ጎበጥ ያለ ስለሆነ ይቅርብህ እልሃለሁ። የኋላውን መስታወት እኔ ሳልነካ አስተኛዋለሁ፤ ዙሪያውን ላሜራ ቆርጬ ከነፍሬሙ ወደ ፊት ጋደም አደርገዋለሁ። እሱም ሊተኛ የሚችለው ልክ አለው። 5 ወይም 6 ሳንቲ ድረስ ቅርፁ አይበላሽም፣ ከዚያ በላይ ከኋላ የተረገጠች ትመስላለች።

አሁን ወደ ራስህ እንምጣ፣ ወደ ጭንቅላትህ ማለቴ ነው። 11 ሳንቲ አለህ። የወንበሩን ስፖንጅ አሳስቶ ሐዲዱን ዝቅ ማድረግ 3 ሳንቲ ይሰጥሃል፣ 14 ሆነ። ጉብታ ላይ ስትዘል ራስህን እንዳትመታ አራት ጣት ይኑር፣ 8 በለው። 6 ቀረ። የባሕር ዳር ፀሐይ ላሜራውን ስታግለው ራስህ ላይ እንዳትጠበስ ከጣራው ጨርቅ በላይ መከላከያ ታስገባለህ፣ አንድ ሳንቲ ይወስዳል። 5 ሳንቲ። ቁጥሩ ይሄ ነው።

ካላመንከኝ ወንበሩን ዝቅ አድርገህ የፊት መስታወቱን የላይኛውን 5 ሳንቲ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነውና ግቢ ውስጥ ተቀመጥባት። ጓደኛህ ከፊት ለፊትህ አምስት እርምጃ ርቆ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ያንሳ። አንገትህን ሳትሰብር ካየኸው ደህና ነው። ከዚያ ፕላስተሩን 12 አድርገው። እጁ ይቅርና ፊቱን መፈለግህ አይቀርም።

ሁለት ነገር በአጭሩ። ከመቁረጥህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፣ ኢንሹራንስህንም አናግር፤ ቆርጦ ዝም ያለ ሰው ለቦሎ ሲቀርብ ነው ጣጣው የሚጀምረው። ደግሞ ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ወጥታለች። የቆረጥከውን ጣራ የሚመልስልህ ፋብሪካ የለም። ከአሮጌ ሬሳ መኪና ሌላ ጣራ ካገኘህ በመጀመሪያ ግዛው።

የቀረው የሠርጉ ነገር ነው። ሙሽራ የምትቀመጠው ከኋላ ነው። የቮልስ ጣራ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሄድ ይወርዳል። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ቬሎዋን ደርባ፣ ጣና ዳር ፎቶ ልትነሳ የምትሄድ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ስትወርድ አስበው። ለሠርግ ከሆነ እኔ አልቆርጥልህም፤ የፊትና የኋላ እግሯን ትንሽ ዝቅ አድርገን፣ ቀለሟን አሳምረን እንተዋት። ለራስህ ከሆነ 5። ለመወሰን እህትህን ጸጉሯን በተሠራችበት ቀን ከኋላ አስቀምጣትና ከአናቷ እስከ ጣራው ለካ። ቁጥሩን ላክልኝ።