ፕሪንተሬ በየጊዜው ይጠፋብኛል

ጥያቄ፦ ፕሪንተሬን በዋይፋይ አገናኝቼው ጥሩ ይሠራል። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን ላፕቶፔ “አልተገኘም” ይለኛል። በየጊዜው እንደ አዲስ ማገናኘት ሰለቸኝ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞዎት፣ ፕሪንተሩ ደህና ነው። አድራሻው ነው የተቀየረው። ራውተሩ ዲኤችሲፒ በሚባል የማደያ ሥርዓት ለየዕቃው አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ያድላል፤ የሚሰጠው ግን በውሰት ስለሆነ ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 192.168.1.9 ሆኖ ሊያድር ይችላል፣ ላፕቶፑ ደግሞ አሁንም የድሮውን በር ያንኳኳል።

ብራውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፣ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ያገኙታል። ገብተው “ላን” ወይም “ዲኤችሲፒ” የሚለውን ይክፈቱ፤ ከተገናኙት ዕቃዎች መካከል ፕሪንተሩን በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ) ለይተው አንድ ቁጥር በቋሚነት ይያዙለት፣ ከዚያ ፕሪንተሩን አጥፍተው ያብሩት። ላፕቶፑ ላይ በአዲሱ አድራሻ አንዴ ያስገቡታል፣ በቃ።

አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን ፕሪንተሩ ላይ ብቻ ይሞላል። እኔ አልወደውም። ራውተሩ ስለማያውቅ ያንኑ ቁጥር ለስልክዎ ሊሰጠው ይችላል፣ ያኔ ሁለቱ ይጋጫሉ። የግድ ከሆነ ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጪ ይምረጡ፤ የሚያድለው ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199 ከሆነ ለምሳሌ 192.168.1.50 ይስጡት።

እግረ መንገድዎን የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ አሁንም “አድሚን” ከሆነ ይቀይሩት እንጂ!