«ለጨዋታ ነው ያልኩት»

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ48 ዓመት ሰው ነኝ። እኛ ቤት ያለ ጨዋታ እህል አይበላም፤ ከጓደኞቼም ጋር ተረብ እንወዳለን። ባለፈው ፋሲካ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም «አንተማ ከእንቅልፍ ሌላ ሥራ የለህም» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ከሥራ ከተቀነሰ ሁለት ወሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም። ባለቤቴ አሁን «ልጅህን ልትድር ነው፣ ሽማግሌ ሊመጣብህ ነው፣ ይህን ቀልድህን ተው» ትለኛለች። እውነት ትልቅ ሰው ቀልድ መተው አለበት?
(አባት ነኝ፣ ከኮልፌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የለበትም። ቀልድ የልጅ ነገር ነው የሚሉትን ፈጽሞ አልቀበልም። አለቃ ገብረሐና በአቋቋም የተመሰገኑ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በጨዋታቸው ያነሣቸዋል። በስማቸው ከሚነገሩት አንዱን ላስታውስዎ። እራት ተጋብዘው መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘላ ወጣች አሉ። ዝም ብለው በሉና ሲመርቁ «ከመሶቡ አይጡ» ብለው ጨረሱ። ምርቃት ነው፣ እንጀራ አይጡ ማለት ነው፤ አይጧም አለችበት። ባለቤቶቹ ከፈለጉ ይስቃሉ፣ ካልፈለጉ «አሜን» ብለው ያልፋሉ። እርስዎ ለዚያ ልጅ በየት በኩል እንዲያልፍ ተዉለት? ሥራ የለህም ሲሉት እውነቱን ነው የነገሩት፤ ያውም በዘመድ ፊት።

አባቴ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ለጎረቤታችን «እስካሁን አልሞትክም እንዴ?» ይለዋል። «አንተን ሳልቀብር!» ይመልስለታል። እኛ ልጆቹ የምንነቃው በዚህ ነበር። የጎረቤታችን ሚስት ያረፈች ዕለት አባቴ ቀልዱን አቆመ። ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን አውልቆ «እንደምን አደርክ» ብቻ ይላል። አርባዋ ወጣ፤ አባቴ አሁንም ያው ነው። አንድ ቀን ማለዳ ከአጥሩ ማዶ «ምነው ጠፋህ፣ ሞትክ እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። አባቴ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ «አንተን ሳልቀብር!» ብሎ ጮኸ። ጨዋታውን መልሶ የሚከፍተው ሐዘን የደረሰበት ሰው መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ወንድምየውን ቤቱ ሄደው ብቻውን ያግኙት፤ በስልክ አይሁን። «ለጨዋታ ነው ያልኩት» እንዳይሉት አደራ፤ እንዲያ ካሉት ጥፋቱን ወደ እሱ ማኩረፍ ይወስዱታል። «አጥፍቻለሁ» ይበሉና ዝም ይበሉ። እሱ ራሱ ተረብ እስኪጀምርዎት ድረስ ይጠብቁ፤ ቢዘገይም ይታገሡ።

የሽምግልናውን ነገር ባለቤትዎ እውነት አላት። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ሊናገሩ ሲቆሙ ቀልድ ቦታ የለውም። ሰርጉ ላይ ግን ወጉ ራሱ ተረብ ነው፤ «አናስገባም ሰርገኛ» ተብሎ በር ሲዘጋ ያን ጊዜ የልብዎን ይጫወቱ። ይቅርታውን ብቻ ሽማግሌ ሳይመጣ ይጨርሱ፤ የልጅቷ አጎት ነውና ያን ቀን ከጎንዎ መቀመጥ አለበት።