በሬው ሰነፈ ወይስ ጡንቻው ሳሳ?

ከደምቢያ የጻፉልን አባት ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «ጥር ላይ እህል ሲያበራይ ደህና የነበረው በሬዬ፣ አሁን በግንቦት ስጠምደው ሁለት ፈር ሳያወጣ ይቆማል። ስመታው ይተኛል። ይበላል፣ ያመሰኳል። መርፌ ላስወጋው?»

ጋሼ፣ መርፌውን ለጊዜው ይተዉት። በደንብ የሚበላና የሚያመሰኳ በሬ ብዙ ጊዜ ሕመም የለበትም። ከጥር ወዲህ ምን ሲሠራ እንደነበር አልጻፉልኝም። ገለባ እየበላ ቆሞ የከረመ ይመስለኛል።

ጡንቻ የቀጫጭን ክሮች እስር ነው። ሥጋ ሲቆርጡ የሚያዩት መስመር እሱ ነው። አንዳንዱ ጡንቻ ላይ ክሮቹ ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ እንዲህ ያለው ብዙ ያጥራል፣ ፈጥኖም ያንቀሳቅሳል። እንደ ባት ያሉት የጉልበት ጡንቻዎች ላይ ግን ክሮቹ አጫጭር ናቸው፤ እንደ ላባ ሰያፍ ሆነው ጅማቱ ላይ ይጣበቃሉ። ሰያፍ ስለሆኑ በትንሽ ቦታ ብዙ ክር ይታጨቃል። ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል። በሬ ሥራ ሲፈታና መኖው ሲሳሳ ክሮቹ ይቀጥናሉ። አይጠፉም ግን፤ ሥራ ሲያገኙ መልሰው ይወፍራሉ።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከጓደኛው ጋር ይጥመዱትና ቀላል ግንድ ያስጎትቷቸው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ትንፋሹ ሲፈጥን ያቁሙት፤ ሲረጋጋ ይቀጥሉ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ሩብ ሰዓት ይጨምሩ። በመሀል አንድ አንድ ቀን ያሳርፉት፤ የደከመ ክር የሚጠገነው ሲያርፍ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ማረሻ ይግቡ፣ ግን ከለስላሳው መሬት ይጀምሩ። በሬ ለረጅም ሰዓት ሳይጎዳ የሚጎትተው የክብደቱን 10 በመቶ ገደማ ነው። ዋልካው፣ ያ ጥቁሩ አፈር፣ ሲደርቅ ከዚህ በላይ ስለሚከብደው ዝናብ ጠግቦ እስኪላላ ይቆይ። ማታ ከጤፍ ጭዱ ጋር የሽምብራ ገለባ ቢቀላቅሉለት ደግሞ ቶሎ ያገግማል።

አንድ ነገር ግን ልቆጣዎት። በየዓመቱ አየዋለሁ፦ በሬ 4 ወር ቆሞ ይከርምና የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ከንጋት እስከ ቀትር ይታረስበታል። ሲቆም ጅራፍ ይወርድበታል። ኧረ ይተዉ! አቅም ያጣ እንስሳ ነው የሚመቱት። ለከርሞ ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምረው ያለማምዱት።

ጫንቃው ላይ ቁስል ወይም እብጠት ካለ ግን አይጥመዱት። ካነከሰ፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ከነጣ ወይም በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላዩ፣ ያኔ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይውሰዱት።