50 ኪሎ ሜትር ያለ ጥድፊያ

ጥያቄ፦ የጅማ ነዋሪ ነኝ። በሳምንት 3 ቀን እሮጣለሁ፤ ረጅሙ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ከ5 ወር በኋላ 50 ኪሎ ሜትር መሮጥ አስቤያለሁ። መጨረስ ብቻ ይበቃኛል። ልምምዱን ሳላከብድ ይሆንልኛል?

መልስ፦ ይሆናል። ቀኖቹ 3 ሆነው ይቆዩ፤ የሚያድገው የሳምንቱ መጨረሻ ረጅም ሩጫ ነው። በየሳምንቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምሩ፣ በየ4ኛው ሳምንት ቀነስ ያድርጉ፣ 32 ወይም 35 ሲደርሱ ይብቃዎ። እየሮጡ ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳገት አይጠፋም፤ እሱን በእርምጃ ይውጡት፣ ነውር የለውም። በ1 ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ቢሄዱ እንኳ በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሳሉ።

ከእግር ይልቅ ሆድ ያስቸግራል። ረሃብ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በየ30 ደቂቃው ግማሽ ሙዝ ወይም ስኳርና ትንሽ ጨው የገባበት ቀጠን ያለ በሶ ይውሰዱ። ይህንንም በረጅም ሩጫዎች ላይ ያለማምዱት፤ ያልለመደ ሆድ ያስመልሳል። ውኃ በጥምዎ ልክ ይጠጡ። ከመጠን ያለፈ ውኃ የደምን ጨው ስለሚያቀጥን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሲብስም ለሕይወት ያሰጋል።

የጅማ ዝናብ ካልሲ ያርሳል፣ እርጥብ ካልሲ እግር ያቆስላል። ጣቶችዎንና ጭንዎን ቫዝሊን ይቀቡ። ጫማው ከአውራ ጣት ፊት የጣት ስፋት ይትረፈው፤ አለዚያ ቁልቁለቱ ጥፍር ያጠቁራል። በመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ልምምዱን በግማሽ ይቀንሱ።