ያቋረጣችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት

ውድ ወጣት አንባቢዎቼ፤

ሠላሳ አራት ዓመት በመንገድ ቅየሳና ግንባታ ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ሰባኛ ዓመቴን የያዝኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሙያዬን ላስተምራችሁ ብዬ ሳይሆን፣ በወጣትነቴ ከእጄ ስላመለጡኝ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ስለ አንድ ዜማ፣ ስለ አንድ ጓደኛና ስለ መጻፍ ልማዴ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ከሦስቱ የተመለሰልኝ አለ፤ ጭራሽ የጠፋብኝም አለ።

ቀያሽ ሁሉ የመስክ ደብተር አለው። በእኛ ጊዜ ሽፋኑ ጠንካራ፣ መጠኑ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነበር፤ የሚጻፍበትም በእርሳስ ነው። ላጲስ ክልክል ነው። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፣ የተሰረዘውም ቢሆን መነበብ አለበት። ይህን ደንብ ያስተማሩኝ አለቃዬ በጣም ጥብቅ ሰው ስለነበሩ፣ አንድ ቀን ላጲስ የነካው ገጽ አግኝተው የሦስት ቀን ሥራ እንደገና እንድንለካ አድርገውናል። ያኔ ተናድጄባቸው ነበር። ዛሬ ግን ከእነዚያ ደብተሮች አንዱን ገልጬ ከአርባ ዓመት በፊት ከመሣሪያው ያነበብኩትን ቁጥር እንደ ትናንት ስመለከት አመሰግናቸዋለሁ።

ኅዳር 7 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ እሑድ ዕለት፣ ባቲ ነበርን። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ በዚያን ዘመን የአገራችን ዋነኛ የገቢ ዕቃ በር ነበር፤ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስም እንደዚያው ቀጥሏል። ተሳቢ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ቀን ከሌሊት ይመላለሱበታል። ክረምቱ የጎዳቸውን ቱቦዎች ከፍታ እንድንለካ ታዘን፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን እዚያው ሰፈርን። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሚውል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቆላው ግመል፣ ከደጋው እህል የጫነ አህያ ይገባ ጀመር፤ አቧራው ከፀሐዩ ጋር ተቀላቅሎ በሌቭሉ፣ ማለትም በከፍታ መለኪያ መሣሪያችን መነጽር ውስጥ፣ ስታፉ በምንለው የመለኪያ ዘንግ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ እስኪያቅተኝ ድረስ።

አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ስታፍ ከመያዝ ተነሥቶ ቀያሽ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ክራሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከላንድሮቨሩ የኋላ ወንበር ሥር ያኖረው ነበር። ያን ምሽት ባረፍንበት ቤት በረንዳ ላይ አውጥቶ መቃኘት ጀመረ። የክራር ክር በቀንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሞ ስለሚታሰር፣ የሚቃኘው ሰው ያንን ጥምጥም በአውራ ጣቱና በመዳፉ ጨብጦ ነው የሚያዞረው፤ ትንሽ ያዞራል፣ ይነካል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ያዞራል። ትዝታን ቃኝቶ ሊጀምር ሲል የቤቱ ባለቤት እማማ ከጓዳ ወጡና፣ «አንተ ልጅ፣ ባቲ ድረስ መጥተህ ባቲን ትተህ ትዝታ?» አሉት። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀና ጥቂቶቹን ክሮች ከፍ እያደረገ ከከተማዋ ጋር ስም ወደሚጋራው የባቲ ቅኝት አዞረው። እማማም በሩን ተደግፈው ቆሙና ማዜም ጀመሩ።

ሰዓት እላፊው እስኪቃረብ ድረስ አልተቀመጡም። ግጥሙን እየፈጠሩ ይሁን የቆየ ይሁን አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም። ከመንገዱ ማዶ መኪናቸውን አቁመው ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሾፌሮች ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጥተው ከደረጃው በታች ቆመው ሰሙ። አንዷ ስንኝ «ኬላ» በሚል ቃል ቤት ትመታ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እማማ እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያይተው ዝም ሲሉም አስታውሳለሁ። የቀረው ግጥም ጠፍቶብኛል።

በዚያ ቀን ገጽ ላይ የዕለቱ ሠላሳ ሁለት ንባብ እስከ ሚሊ ሜትር ተጽፏል። ከግርጌው ደግሞ «ማታ ክራር። ጥሩ ነበር።» ይላል። በሕይወቴ ከሰማሁት ሙዚቃ ሁሉ ለሚበልጥብኝ ምሽት ያተረፍኩለት እነዚህን አራት ቃላት ብቻ ነው።

ስለ ሙዚቃ የምመክራችሁ ከዚህ ይነሣል። ዛሬ ዘፈን ከእጃችሁ ርቆ አያውቅም፤ ይህ ለእኛ ያልተሰጠ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ ቁጭ ብላችሁ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳምጡ፤ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በጆሯችሁ ለዩ። ይህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት። እያንዳንዱ ቅኝት የሚመሠረተው በአምስት ድምፅ ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት በሙያዬ በኩል ነው፤ አምስት ችካሎች ተመሳሳይ ቁጥር ይዘው ሳለ፣ በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ሲቀየር መንገዱ ሌላ መንገድ ይሆናል። አንድ ትዝታ ከሰማችሁ በኋላ ወዲያው አንድ አምባሰል ስሙ። ስሙን ባታውቁትም ሆዳችሁ ውስጥ የሚነካው ቦታ የተለየ መሆኑን ታውቁታላችሁ። ካወቃችሁ በኋላም የሰማችሁበትን ቦታ፣ የዘፈነውን ሰው ስም፣ ቅኝቱንና የያዛችሁትን ስንኝ ጻፉ። ሰውየው ከፈቀደ በስልካችሁ ቅዱት። እንደ እማማ ያሉ ሰዎች ስማቸው በየትም መዝገብ አይገኝም፤ እኔም ያን ምሽት ስማቸውን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከባቲ በኋላ በደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ ከቁጥር ውጭ ያለውን ነገር መጻፍ ጀመርኩ፤ የሰፈርንበትን መንደር፣ የበላነውን፣ ጓደኛዬ የተናገረውን። አሥራ አንድ ዓመት ያህል ጻፍኩ። በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ተመድቤ ስገባ የሪፖርት ብዛት እጄን ያዘኝ፤ አንድ ሳምንት ዘለልኩ፣ ከዚያ አንድ ወር። ሁለት ዓመት ሲሞላ ደብተሩን ማየት ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር፤ ከመሳቢያ አውጥቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት።

በጓደኛዬም የደረሰው ይኸው ነው። እሱ ሥራ ቀይሮ ድሬዳዋ ገባ። በ1992 ዓ.ም. እናቱ ሲያርፉ እኔ መስክ ላይ ነበርኩ፤ መርዶውን የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው። ለቅሶ አልደረስኩም። እነዚያ እናት በየክረምቱ ቤታቸው ስንገባ ጫማችንን ሳይቀር ከእሳቱ አጠገብ የሚያደርቁልን ሰው ነበሩ። በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሬ መሄድ እችል ነበር፤ «ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛ ምን ይላል?» እያልኩ አንድ ወር አሳለፍኩ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ስልክ አልደወልኩለትም። እሱም አልደወለም፤ የመደወል ተራ ግን የእኔ ነበር።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤው ዕለት አረፈ። በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ። «ጥላሁንን ሰማህ?» አለኝ፤ ድምፁን ወዲያው ለየሁት። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻልንም። ስለ እናቱ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠኝና፣ «እሱን መጥተህ ፊት ለፊት ትነግረኛለህ። ይልቅ ያቺ የባቲ ግጥም እንዴት ነበር የምትለው? ኬላ የምትለዋ?» አለኝ። ደብተሩን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠርጌ ገጹን ሳገኘው፣ ያነበብኩለት እነዚያን አራት ቃላት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድሬዳዋ ሄድኩ።

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ያቋረጣችሁት ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ደብተር ሊሆን ይችላል፣ መሣሪያ መማር ሊሆን ይችላል፣ ክፉ ሳትነጋገሩ የተለያያችሁት የትምህርት ቤት ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ሥራ፣ ስደት፣ ኑሮ ሁሉንም ያቋርጣል፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። እኔን የጎዳኝ መቋረጡን ተከትሎ የመጣው እፍረት ነው፤ በየዓመቱ ስለሚጨምር፣ በሦስተኛው ወር በአንድ ስልክ የሚያልቀው ነገር በዘጠነኛው ዓመት ተራራ ይሆናል። ስለዚህ ስትመለሱ ረጅም ማብራሪያ አታዘጋጁ። ለጓደኛ «እንዴት ሰነበትክ፣ ባለመደወሌ አጥፍቻለሁ» ማለት ይበቃል። ለደብተርም የዛሬን ቀን ጽፎ ዛሬ የታየውን መጻፍ ይበቃል፤ ያለፉትን ዓመታት ልሙላ ያለ ሰው አይጀምርም። እኔ ከድሬዳዋ መልስ የባከነውን አሥራ ሰባት ዓመት በቅደም ተከተል ልጽፍ ሞክሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ፤ የቀጠልኩት ያንን ትቼ የዚያን ቀን ዝናብ ስጽፍ ነው።

በሙያችን ለዚህ የሚሆን ልማድ አለ። ከፍታ ስንለካ ከታወቀ ነጥብ፣ ቤንች ማርክ ከምንለው፣ እንነሣለን፤ መጨረሻም ወደ ታወቀ ነጥብ ተመልሰን እንዘጋለን፤ ካልዘጋን ስህተታችን ምን ያህል እንደሆነ አናውቅም። መሽቶ ወይም ዘንቦ ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ መሣሪያውን ከማንሣታችን በፊት በማይንቀሳቀስ ዓለት ወይም በቱቦ ግንብ ላይ በቀይ ቀለም ጊዜያዊ ነጥብ እናደርጋለን፤ ከፍታውንና ቦታውንም «ከትልቁ ዋርካ በስተ ምሥራቅ 12 ሜትር» እያልን ሌላ ሰው ቢመጣ እንኳ እንዲያገኘው አድርገን እንጽፋለን። ለመጻፍም፣ ለመሣሪያም፣ ለጓደኝነትም እንዲሁ አድርጉ። የምታቋርጡ መስሎ ሲሰማችሁ በመጨረሻው ገጽ ላይ የት እንደደረሳችሁና ቀጥሎ ምን ልትጽፉ እንደነበር ሁለት መስመር ተዉ። ለምትርቁት ጓደኛ ከመሄዳችሁ በፊት መቼ እንደምትደውሉ ንገሩት።

ስለ ጉዞ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ፣ ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ አትተኙ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን፣ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን ዋሻ ገብታችሁ በስተ ማዶ ስትወጡ ደጋው ከኋላችሁ ቀርቶ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ ጋቢያችሁን አውልቃችሁ መስኮት ትከፍታላችሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የአየሩ፣ የእህሉ፣ የቤቱ አሠራር፣ የሰላምታው ቃል ሲለወጥ ማየት የሚቻልበት አገር ተሰጥቷችኋል። ስልካችሁ መንገዱን ያሳያችኋል፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ተሳፋሪ ግን እዚያ ኩርባ ላይ ማን እንደሚኖር ይነግራችኋል። ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ ሂዱ፤ የቻላችሁትን ያህል ከጓደኛ ጋር ሂዱ። አንዱ የረሳውን ሌላው ይይዝለታልና።

እኔና ጓደኛዬ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. በዚያው መንገድ ባቲ ወረድን። ቀይ ነጥብ ያደረግንበትን ቱቦ ፈለግነው፤ መንገዱ ታድሶ ቱቦው በአዲስ ተተክቷል። የእማማንም ቤት አላገኘነውም፤ በቦታው ባለ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ሕንፃው ሥር ወንበር አስወጥተን ተቀመጥንና ክራሩን ከብርድ ልብሱ ፈታው፤ ያው የድሮው ክራር ነው። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። የጻፍኩትን እንዳለ እገለብጥላችኋለሁ፦

«ጥር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ባቲ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። አየሩ ሞቃት ነው፤ ንፋስ የለም። አንዱ ክር ተበጥሶ በናይለን ተተክቷል። መቃኘቱ ስምንት ደቂቃ ፈጀ፤ ጥምጥሙን ሲያዞር ቀኝ አውራ ጣቱ ስለሚያመው ሁለት ጊዜ ቆም ብሎ አሸው። የእማማን ዜማ ሦስት ጊዜ መለሰው፤ በሦስተኛው ልክ መጣ፣ እኔም አብሬ አንጎራጎርኩ። ስንኙ አልተገኘም፤ ኬላ ብቻ ነው ያለን። የሆቴሉ ልጅ ሻይ ይዞ መጥቶ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ሰማ። ስሙን ጠይቄ ጽፌያለሁ። ከመንገዱ ማዶ ግመሎች እየገቡ ነው፤ ነገ ገበያ ነው።»